እንገር በአጥር በኩል

ጥቅምት ፭ ቀን ፲፱፻፶፰፣ ቦሳ ኪቶ

ጋጣው ተጠርጓል። ገለባው ተቀይሯል። ሠራተኛዬ ኑሪ የዱባውን ቅቅል ከአጥሩ ውጭ ቆሞ በረጅሙ ጭልፋ ገንዳው ውስጥ ገለበጠ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሲሠራ አንዲት አሳማ ነክቶ አያውቅም። ሃይማኖቱ ነውና አላስገድደውም። ገንዳው ሳይፋቅ ከዋለ ግን እቆጣለሁ።

ባለቤቴ ስታማቲ ሲሞት ከተወልኝ መንጋ የአሳማ በሽታ ያስቀረልኝ አንዲት እናት አሳማ ብቻ ናት። አርግዛለች። ልጄ ጎሳዬ ከአጋሮ ጽፏል። «የአሁኑ ወሊድ ካልተሳካ ጋጣውን አፍርሼ ወደዚህ እወስድሻለሁ።» እኔ ዕቃ ነኝ?

የጎረቤቴ የሀጂራ ላም ዛሬ ወለደች። በአጥሩ ማዶ ሆና፣ «እነዚያስ ደህና ናቸው?» አለችኝ። እነዚያ! በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን «አሳማ» ብላ ስማቸውን ጠርታ አታውቅም።

ጥቅምት ፮

ጧት የአሳማዋን ጡት ስጨምቀው ወተት ወጣ። ዛሬ ካልሆነ ነገ ትወልዳለች። ወዲያው ከሀጂራ ቤት ጩኸት... ወንድሟ ጅብሪል አረፈ። ከለቅሶው ይቀራል? ስታማቲ ሲሞት ከእኔ ጋር የተቀመጠችው ማን ነበረች?

አሳማ የነካ በእነሱ ደንብ እንደሚነጻው ሰባት ጊዜ ታጠብኩ፣ አንዱን በአፈር። ልብሴን ቀየርኩ። ሀጂራ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔ ግን ደጃፏን እንዲህ ሳልሆን አልረግጥም።

ከሰዓት በኋላ ኑሪ ለቅሶው ቤት በር ላይ ቆመ። «እትዬ፣ ጀምራለች።» ዱዓው አላለቀም። ሀጂራ እጄን ይዛለች። ተቀመጥኩ።

ጥቅምት ፯

የሆነውን ብቻ ልጻፍ። የሚሲዮን ትምህርት ቤቱ ሲስተሮች እንዲህ ነው ያስተማሩን።

ጋጣው ስደርስ አሳማዋ ደክማ ተዘርራ ነበር። ስድስት ወልዳ ሰባተኛው በጎን መጥቶ መንገዱን ዘግቷል። እጅን ዘይት ቀብቶ ማቃናት ይቻላል። ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ! ትናንት ግን ዘገየሁ። ሞተች።

ስድስቱ እንገር፣ የወላድ የመጀመሪያ ወተት፣ ካላገኙ አይቆዩም። ከማን? ያለችው የሀጂራ ላም ናት። ሐዘን ላይ ያለችን ሴት፣ ያውም ለአሳማ... አልጠየቅሁም።

ኑሪ ሳያስፈቅደኝ ነግሯታል። ሀጂራ ቅሏን ይዛ አጥሩ ዘንድ መጣች።

«ዕቃ አምጪ።»

ቅሏ ሳህኔን እንዳይነካ ከፍ አድርጋ ቀዳችልኝ። ወፍራም፣ ቢጫ እንገር።

«ትናንት ሲጠራሽ ለምን አልሄድሽም?»

«ዱዓው አላለቀም ነበር።»

«ማል ጎና! ምን ይሻላል! አንቺ ሞኝ ሴት...» ዓይኗን ጠርጋ፣ «ነገ ማልደሽ ነይ» አለችኝ።

ጥቅምት ፲

በየሁለት ሰዓቱ፣ በጨርቅ ጫፍ አጠባቸዋለሁ። አንዱ ሞተ። አምስት ቀሩ። ስድስተኛውን አልቅሼ አምስቱን ላስርብ? አይሆንም።

ጥቅምት ፳፩

ጎሳዬ መጣ። ጋጣው በር ላይ ብዙ ቆመ።

«እማዬ፣ እናት የሌላቸው አምስት ግልገሎች ምን ይሆኑሻል?»

«እኔ አለሁላቸው። መፋቂያውን አንሳ፤ ገንዳው ቆሽሿል።»

ኮቱን አወለቀ። ክፉኛ ነው የሚፍቀው፤ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ስለ ማፍረስ ግን ቃል አልተነፈሰም። አሳድጎ ለማርባት የትኞቹ ሴት እንደሆኑ ጠየቀኝ። ሦስቱ።

ኮሳሳዋ ከትናንት ጀምሮ ጨርቁን እምቢ ብላኝ ነበር። ዛሬ በጣቴ ሞከርኩ...

ሀጂራ ወተቱን ቀድታ እንደ ወትሮዋ አልሄደችም። አጥሩ ላይ ተንጠራራች።

«ብርሃንነሽ... ያቺ ኮሳሳዋ አሳማ... አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ... ጠባች?»

«ጠባች።»