ቤተሰብን አይመለከትም

ሻምሹይፖ፣ ኅዳር 4 ቀን

ለምወድሽ ልጄ ለሳውፋን፣

እንደምን አለሽልኝ? ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ አባትሽ ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ስለሚያዳምጥ ነው። ማንችስተር ላይ ከሥራ መባረርሽን እንዳልነግረው ለምነሽኝ ነበር፤ አልነገርኩትም። ኑድል ቤታችን ውስጥ የሰቀለውን «እጅ ከቆመ አፍ ይቆማል» የሚለውን ጽሑፍ በደብዳቤሽ ጠቅሰሽ «ከዚያ ሥር አባቴን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ያልሽውን ሳነብ ግን አለቀስኩ። ሽንኩርት ነው አልኩት።

አሁን ወሬውን ስሚ። አባትሽ ባለፈው ወር እንደ ልማዱ የኑድሉን ሊጥ ሊያሽ፣ ሊጡን በሚደፈጥጠው ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲዘል፣ ተንሸራተተና ቀኝ እጁን ሰበረ። ሐኪሙ ጀሶ አድርጎለት «ስድስት ሳምንት ሥራ የለም» አለው። ቤት ገባና ያቀረብኩለትን ሾርባ ገፋው።

«እጄ ቆሟል፤ አፌም ይቁም!»

«እሺ፣ ይቁም» ብዬ ሳህኑን አነሳሁት። ወዲያው ጎረቤታችን ዓሣ ሻጯ ሙይ በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ ይዛ ገባች። «ቅር እንዳይላት ልቅመስላት» አለ። የተረፈው አጥንቱ ብቻ ነው። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ የሩዝ ገንፎውን፣ የዳክዬ ጥብሱን ይዞ መጣ። ይኸው አሁን ሱሪው አልዘጋ ብሎታል።

አፉ ከመብላት ሲያርፍ ይናገራል። ቀርከሃው ላይ የምዘለው እኔ ሆኛለሁ፤ እሱ ወንበር ስቦ «ዝለዪ እንጂ! ሻይ ልትጠጪ ነው የተቀመጥሽው?» ይለኛል። ደንበኛ ኑድሉን እስኪጎርስ ጠብቆ ደግሞ «ገንዘብ ማግኘትና እበት መብላት፣ ሁለቱም ከባድ ነው» የምትለዋን ተረቱን ይለቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህ ቆሟል፤ ምናለ አፍህንም ብታቆመው!» አልኩት።

ትናንት ግን ምሳ እየበላን «ልጅቷ ስለ ሥራዋ መጻፍ ያቆመችው ለምንድን ነው?» አለኝ። ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። እሱም ማንኪያውን አስቀምጦ ፊቴን አየኝ። ከዚያ ተነስቶ ጽሑፉን ከምስማሩ አወረደና ብሩሹን በግራ እጁ ያዘ። ቀለሙን አፍንጫው ድረስ ተቀባው። ዶሮ የጫረችው በሚመስል ፊደል ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሮ መልሶ ሰቀለው፦

«ቤተሰብን አይመለከትም።»

ምንም አልነገርኩትም፤ እሱም ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ብቻ ዛሬ ጠዋት የአንቺን ፍራሽ በአንድ እጁ ወደ ፀሐይ ሲጎትት አገኘሁት። «ትኋን አይቼ ነው» አለኝ።

የአያቶችሽ መንፈስ መንገድሽን ያቅናልሽ። ወገቤ ሳይቆረጥ ነይ፤ ቀርከሃው ሰው ይፈልጋል።

እናትሽ
ዩክሊን