ለወንድም ጋሼ የዘገየ እርማት

ወንድም ጋሼ፣

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜ እጠይቃለሁ፤ እንደምን ከረሙልኝ? መጋዝ የነካው አውራ ጣትዎ በብርድ ጊዜ መጠዝጠዙን ተወልዎት ወይ? ከእንጨቱ ብናኝ የመጣው ሳልስ? መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰክተው ዛሬም «የት ገባ» እያሉ ቤቱን ያምሳሉ አሉ፤ ባለቤትዎ እትዬ በስልክ ነግረውኛል። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። በሥራዬም ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎትም፤ አንድ ጊዜ ዋሽቼዎት እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። የምሠራው በዩኒቨርሲቲው የኅትመት ክፍል እንደሆነ ያውቃሉ፤ ለምረቃና ለሽልማት ቀን የሚታደለውን መጽሔት በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። አለቃዬ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት አንድ ዝርዝር ለጥፋለች፤ ማን ምን ሲቀበል በየትኛው ቃል እንደሚጻፍ የሚደነግግ ነው። ለፕሮፌሰርና ለባለሥልጣን «ኮንፈር» ይባላል፤ በክብር አጎናጸፈ እንደ ማለት ነው። ለተማሪ ዝቅ ያለ ሌላ ቃል አለ። ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለአትክልተኛ ግን «ጊቭ» ነው፤ ሰጠ፣ በቃ። ቃልም እንደ ድግስ ቤት የክብር ወንበርና በርጩማ አለው። እኔም አራት ዓመት ሙሉ ሳላንገራግር እንደ ዝርዝሩ ስጽፍ ኖርኩ።

ዘንድሮ ለአንድ ፕሮፌሰር የክብር ዶክትሬት፣ ለቤተ መጻሕፍቱ በረኛ ደግሞ የሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግሎት ሜዳሊያ ተዘጋጀ። እኒህ ሽማግሌ በየጠዋቱ የበሩን እጀታ በጨርቅ ወልውለው ነው የሚከፍቱት። መጽሔቱን ስጽፍ እሳቸው ጋ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የፕሮፌሰሩን ቃል ጻፍኩላቸው። ማንም ልብ ሳይለው ታተመ፤ በመድረክም ተነበበ።

በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌው መጽሔቱን በደረት ኪሳቸው ይዘው ቢሮዬ መጡ። ቁጭ ይበሉ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ልጄ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ለእኔም ለፕሮፌሰሩም የተጻፈው ቃል አንድ ነው አለችኝ። እውነት ነው?» አሉኝ።

እውነት ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ በራቸው ተመለሱ።

ከሰዓት አለቃዬ ጠራችኝ። ቁራጭ ቁራጭ የእርማት ወረቀት አሳትማ ጠረጴዛዋ ላይ ቆልላለች። በቀሩት መጽሔቶች ላይ እንድለጥፍ፣ ስህተቱም እንግሊዝኛ ባለማወቄ የመጣ ነው ብዬ እንድፈርም አዘዘችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ፈርሚና ይለፍ፣ ኮንትራትሽም ይታደሳል ብላ ለመነችኝ። ብዕሩን አነሳሁት። ጠዋት የሽማግሌውን ዓይን እያየሁ እውነት ነው ብዬ፣ ከሰዓት ስህተት ነው ብዬ ልፈርም? አስቀመጥኩት። አውቄ ነው የጻፍኩት አልኳት። በወሩ መጨረሻ ከሥራ እሰናበታለሁ።

ወንድም ጋሼ፣ ጀግና ናት ብለው እንዳያሞግሱኝ። እጄን የያዘኝ የእርስዎ ነገር ነው። ከስምንተኛ ክፍል ወጥተው መጋዝ የጨበጡት እኔ እንድማር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ሲጠረዝ አንዱን ላኩልዎት፤ መደርደሪያ ሠርተው አስቀመጡት። ከዚያ ደውለው «ስለ እኔ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። ብዙ ይላል አልኩዎት። ውሸቴን ነው። ለመምህሮቼ ያን ሁሉ የከበረ ቃል ደርድሬ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌያለሁ። ስለ እርስዎ ያለው አንድ መስመር ነው፤ «ወንድሜም ረድቶኛል» ይላል። አናጢ ወንድም አለኝ ማለት አሳፍሮኝ ነበር። ይህን ስጽፍልዎት ፊቴን ያቃጥለኛል።

እናታችንን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ፤ ከሥራ መውጣቴን ራታቸውን ከበሉ በኋላ ቀስ ብለው ይንገሯቸው፣ ያለዚያ እህል አይቀምሱም። ለእትዬ ሰላምታዬ ይድረስ፤ መነጽርዎን በክር አስረው አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉልዎት። ትልቋ ልጅዎ ፈተናዋን እንዴት ሆነች? ትንሿን ጉንጯን ይሳሙልኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እርማት የሚለጠፈው ቃሉ ከተሳተበት ገጽ ላይ ነው። ጥራዙን ከመደርደሪያው ያውርዱት፤ የምስጋናው ገጽ ሦስተኛው ነው። እርማቱም ይህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ዲግሪ ሳይሰጠኝ በፊት፣ ይህን ማዕረግ ያጎናጸፈኝ አናጢው ወንድሜ ነው። ይህን ደብዳቤ እዚያ ላይ ይለጥፉልኝ። ሙጫ ከእርስዎ ቤት አይጠፋም።

ታናሽ እህትዎ

ከኅትመት ክፍሉ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ሰኔ ፲፬ ቀን