ቀስቱ ወደ ሄደበት

ውድ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? ባለቤትሽ ከዚያ ክፉ ሳል ተገላገለ? ልጆቹስ ትምህርታቸውን ይዘዋል ወይስ እንደ እናታቸው መስኮት መስኮቱን ነው የሚያዩት? እኔ ከምትገምቺው በላይ ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኝ መልስ ሳልሰጥ መቆየቴን አውቃለሁ። ወይ ሞታለች ወይ ተቀይማኛለች ማለትሽም አይቀርም። አልሞትኩም፣ አልተቀየምኩምም። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ጡረታ የወጣች ሴት ደግሞ ምን ሥራ አላት እንዳትይኝ፣ ልነግርሽ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ቆመው የሚሰሙት ወሬ አይደለም።

ከቤቴ ጀርባ ያለውን ሜዳ ታስታውሺዋለሽ? ከአጥሩ ወዲያ ደጋንና ቀስት ይዘው የሚለማመዱ ልጆች አሉ። አንድ ቀን ጠዋት ልብስ አስጥቼ ስመለስ፣ አንድ ነገር ጆሮዬ አጠገብ ፉጨት አሰምቶ አለፈና የወጥ ቤቱ መስኮት እንጨት ላይ ቸክ አለ። ቀስት ነው። አንድ ክንድ ወደዚህ ብሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሌላ ሰው ነበር። በፒንሳ ታግዬ ነቀልኩትና እንደዚያው እንደ ጦር ይዤው ወጣሁ። ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ ዳቦ ለመግዛትና ሐኪም ጋ ለመሄድ ካልሆነ ከደጄ ወጥቼ የማላውቀው ሴትዮ፣ ጫማዬን ግራና ቀኝ አቀያይሬ አድርጌ ሜዳው መሐል ደርሻለሁ።

አሰልጣኟ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አጭር ሴት ናት። እጄ ላይ ያለውን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ከኋላዋ አንዲት ረጅም ልጅ ልትደበቅ ትሞክራለች፤ ቁመቷ ግን የሚደበቅ አይደለም። ቀስቷ ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለሚሄድ "ደመና" ነው የሚሏት። መንገዳችን ጥግ ያለው መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራው ልጅ ናት። አሰልጣኟ እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። የሜዳው ኃላፊ ከእንግዲህ አንድ ቀስት አጥር ቢሻገርና አንድ ጎረቤት ቢከስ ከሜዳው እንደሚያስወጣቸው አስጠንቅቋቸው ኖሯል። እኔ ደግሞ ልከስ ነበር የሄድኩት።

ግን ደጋኑን አየሁት። መያዣው ላይ አንዲት የክብሪት እንጨት በቁስል ፕላስተር ተለጥፋለች። ይሄ ምንድን ነው አልኩ። ማነጣጠሪያ ነው አለችኝ ደመና። ነገሩ ቀላል ነው እህቴ፤ ዓይንሽን፣ የክብሪቷን ጫፍና ኢላማውን በአንድ መስመር አድርገሽ ትለቂያለሽ። እውነተኛው ማነጣጠሪያቸው ተሰብሮ መለዋወጫ ጠፍቶለት ነው በክብሪት የሚሠሩት። ኢላማው ሲርቅ ክብሪቷን ልጠው ዝቅ ያደርጋሉ፣ ሲቀርብ ልጠው ከፍ ያደርጋሉ። ያን ዕለት ለሩቁ የተለጠፈችውን ረስታ በቅርቡ ኢላማ ላይ ለቀቀችው፤ ቀስቱም እኔን ሊጠይቀኝ መጣ።

ታዲያ የት ጋ እንደምትለጥፉት በምን ታውቃላችሁ ስላቸው፣ በግምት አሉኝ።

በግምት! ዕድሜዬን ሙሉ ንድፍ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብዬ የኖርኩ ሴት ፊት። ይሄ ቃል ከሰማሁት ጀምሮ እጄን በላኝ። ደጋኑን እስከ ነገ ስጡኝ አልኳቸው። ክሱ እዚያው ሣሩ ላይ ቀረ።

ቤት ገብቼ የንድፍ ሰሌዳዬን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አወጣሁት። አቧራው ለጉድ ነው። ሦስት ነገር ነደፍኩ፤ ደጋኑ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም የነሐስ ዘንግ፣ በዘንጉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መያዣ፣ ከመያዣው ወደ ጎን የሚወጣ ቀለበት። ላይና ታች ለርቀቱ፣ ግራና ቀኝ ለነፋሱ። ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚያምር ባየሽው። ለዘንጉ የድሮ የነሐስ ማስመሪያዬን ሠዋሁት። ቀሪውን ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ባለቶርኖው እንደ በርሜል የወፈረ፣ ከአፉ ቃል በፒንሳ የሚወጣለት ሰው ነው። ንድፌን ገልብጦም አቅንቶም አየና የአይጥ ወጥመድ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሲሠራው ግን ውብ አድርጎ ሠራው።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀን እሱም ሥራውን ዘግቶ መጣ። ደመና ለቀቀች፤ ቀስቱ ከኢላማው በታች ወረደ። እኔ ብልጧ፣ ወረደ አይደል፣ ቀለበቱን ከፍ አድርጊው አልኳት። ጭራሽ መሬት ገባ። አሁንም ከፍ አድርጊው አልኩ። ሣሩን አረሰው። ባለቶርኖው ከኋላዬ ሆኖ፣ "እትዬ፣ ትል ነው እንዴ የምናድነው?" አለኝ። አሰልጣኟ ሳቋን መያዝ አቅቷት እያፈነች መጣችና ነገሩ ግልባጭ ነው አለችኝ። ቀስቱ ወደ ሄደበት ነው ማነጣጠሪያውን የምታስከትዪው፤ ከወረደ አውርጂው፣ ያኔ እጅሽ ራሱ ደጋኑን ከፍ ያደርገዋል። መሬት ላይ ተቀምጬ አፈሩ ላይ በጣቴ ነደፍኩት። ለካ እውነቷን ነው! አንዲት ሴት ስትስቅ ሰማሁና ቀና ብዬ አየሁ። ማንም የለም፤ እኔው ነኝ።

ዋናው ጣጣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደጋን ሲለቀቅ ይርገበገባል፤ በተርገበገበ ቁጥር መያዣው ሸርተት ይላል። ባለቶርኖው ረጅም ብሎን ሠርቶ መያዣውን በብሎኑ ላይ እንዲሄድ አደረገው። መንሸራተቱ ቆመ፤ ነገር ግን የብሎኑ ጥርስ ሻካራ ስለሆነ ትንሽ ነካ ስታደርጊው ቀስቱ ከኢላማው እግር ተነሥቶ ከራሱ በላይ ይሄዳል። ከዚህ የረቀቀ ጥርስ የሚያወጣ መሣሪያ የለኝም አለ። ስንት ቀን እንደተብሰለሰልኩ አትጠይቂኝ። ወጥ አሳረርኩ። ውሃ ከፍቼ ረሳሁ።

አሁን የምነግርሽን እንዳትቆጪኝ። እኛ ጋ ልትኖሪ ስትመጪ ይዘሽው ነይ፣ ሳሎን እናስቀምጠዋለን ብለሽ አደራ ያልሽኝ የባለቤቴ የቅየሳ መሣሪያ አለ አይደል? ከቀበርነው ወዲህ ከአልጋው ሥር አላወጣሁትም ነበር። የዚያን መሣሪያ ማስተካከያ ብሎን አውቀዋለሁ። በሁለት ጣቱ የሕፃን ጆሮ የሚነካ ይመስል ነበር የሚያዞረው፤ ሲዞር መዞሩ እንኳ አይታወቅም። ሣጥኑን ሳብኩት። ስከፍተው መስተዋቱን የሚወለውልበት መሐረብ እንደታጠፈ ተቀምጧል፤ ሽታውም አለ። መሬቱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቁጭ አልኩ። በመጨረሻ፣ "ሰውዬ፣ ከእንግዲህ ምን ልትቀይስበት ነው?" አልኩትና ካቻቢቴ አመጣሁ። እያለቀስኩ ፈታሁት ብልሽ ውሸት ነው። እያፏጨሁ ነው የፈታሁት።

በዚያው እጄ ከአልጋው አጠገብ ያለውን መሳቢያም ከፈትኩት። እሱ ካረፈ በኋላ ሐኪሙ ለእንቅልፍ እያለ በየጊዜው ያዘዘልኝ ኪኒን፣ አንዱንም ሳልውጥ ያጠራቀምኩት፣ እዚያ ነበር። በፌስታል ቋጥሬ ለደመና መድኃኒት ቤት ወሰድኩላትና ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ጣይልኝ አልኳት። ፈታችው። ብልቃጦቹ ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ አነበበች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ጊዜው አላለፈበትም ነበር። "እሺ እማማ፣ እኔ አስወግደዋለሁ" ብቻ አለችኝና ፌስታሉን መልሳ ቋጠረችው።

በማግሥቱ ፊቴን ሳልታጠብ በሬ ተንኳኳ። ደመና ናት። ወደ ሜዳ አብረን እንሂድ ብላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጠዋት ቀርታ አታውቅም። ቤቷ ከሜዳው ወዲያ ማዶ ነው። በኔ በኩል ምን አዞረሽ ብላት መንገዱ ይቀርበኛል አለችኝ። ካርታና ፕላን ስትነድፍ ለኖረች ሴት!

እና ብሎኑ እህቴ! ባለቶርኖው ገጠመው፤ ከሥሩም እንዳይላላ ትንሽ ሞላ አስገባለት። አንድ ሙሉ ዙር ስታዞሪው መያዣው የሚሄደው የጥፍር ውፍረት ያህል ነው። ለየርቀቱ ቀስት እያስወረወርን በዘንጉ ላይ መስመር ቀረጽኩ። ሌንስም ልጨምርበት አምሮኝ ነበር፤ አሰልጣኟ ደንቡ መስተዋት አይፈቅድም፣ ባዶ ቀለበት ብቻ ነው ብላ ከለከለችኝ።

የክለቦቹ ውድድር ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሜዳ ላይ ነበር። እኔና ባለቶርኖው ከገመዱ ኋላ ቆመናል፤ እሱ ላቡን ይጠርጋል። ገና ሊጀመር ሲል የሌላው ክለብ አሰልጣኝ የደመናን ደጋን አየና ይሄ ቤት ውስጥ የተሠራ ነው፣ አይፈቀድም አለ። ዳኛው መጣ። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የወረደ ሽማግሌ ነው። ቀለበቱ ውስጥ ጣቱን ከትቶ መስተዋት አለመኖሩን አረጋገጠ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ብሎኑን ይዞ፣ ሬዲዮ ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው፣ እስከ ጥጉ አዞረው፤ መልሶም እስከ ሌላው ጥግ። ይፈቀዳል ብሎ መለሰላት። ስንት ቀን የለፋንበት ልክ ጠፋ፤ ወዲያውም ፊሽካው ተነፋ። ከገመዱ ወዲህ ሆኖ መናገር ክልክል ነው።

ደመና ግን አልተርበተበተችም። ጎንበስ ብላ የቀረጽኩትን መስመር ፈለገች፤ እንዳስተማርኳት ከሥር ወደ ላይ እያመጣች መያዣውን መስመሩ ላይ አቆመችው። ለቀቀች። ከመሐሉ ከፍ ብሎ ወደ ግራ ተሰካ። የእኛ ሰዎች ሁሉ አጥሩን አዩ። እሷ አላየችም። ቀለበቱን ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ቀስቱ ወደ ሄደበት አስከተለችው። ቀጣዩ ቢጫው መሐል ገባ። ከዚያ የሚቀጥለውም። ባለቶርኖው ክንዴን ጨብጦኝ ነበር፤ ጣቶቹ ያረፉበት ቦታ ዛሬም ጠቁሯል። እንዲህ ስልሽ ዓይንሽ እንዳይጠብ፤ ሰውዬው ሚስትና የልጅ ልጆች አሉት።

ሁለተኛ ወጣች። በመጨረሻዋ ቀስት ነፋስ ቀደማት። አልቆጨኝም ብልሽ አታምኚኝም፤ ሌሊቱን በሙሉ ግን ሲቆጨኝ አላደረም። ከሁሉ የደነቀኝ፣ አይፈቀድም ያለው አሰልጣኝ ራሱ መጥቶ እትዬ፣ ብሎኑን አንዴ ያሳዩኝ ማለቱ ነው። አሳየሁት። ለምን አላሳየውም? አሁን የክለባችን ደጋኖች በሙሉ ማነጣጠሪያ ይሠራላቸዋል። ባለቶርኖው የረቀቀ ጥርስ ማውጫ ከጓደኛው ተውሶ አምጥቷል፣ የምግብ ጠረጴዛዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነሐስ ሆኗል፤ እኔም የምበላው ቆሜ ነው።

እንግዲህ ዙሪያ ጥምጥም መሄዴ ገብቶሻል። ቀለም ያስቀባሽልኝን፣ መጋረጃ የሰቀልሽልኝን ክፍል ለትልቋ ልጅሽ ስጫት፤ የራሷ በር የሚያስፈልጋት ዕድሜ ላይ ናት። እኔ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ። አትቀየሚኝ። ለምን እንደቸኮልሽ አውቃለሁ። እዚያ ሩቅ ሆነሽ ስለኔ እንቅልፍ ያጣሽው ሁሉ ይታወቀኛል። አሁን ግን ረጋ በይ።

እንቅልፍሽስ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እተኛለሁ እህቴ። ጋደም ብዬ ስለ ብሎን ሳስብ እንቅልፍ ይወስደኝና ይነጋል። ትናንትማ ከወትሮው ቀድሜ ነቃሁና ማንንም ሳልጠብቅ ሜዳ ወረድኩ፤ አሰልጣኟ ለኔ አቅም የምትሆን ቀላል ደጋን ሰጥታኝ እየተማርኩ ነው። ለካ ደመና ቤቴ ሄዳ አንኳኩታ፣ አንኳኩታ፣ መልስ አጥታ ኖሯል። ከአጥሩ በኩል እየሮጠች ስትመጣ አየኋት፤ ጫማዋ አንዱ ወልቋል። ደጋን ይዤ ቆሜ ስታገኘኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ ተቆጣችኝ። "ሁለተኛ ሳትነግሪኝ እንዳትወጪ!" አለችኝ። እስከ ዛሬ አንቱ ስትለኝ የኖረች ልጅ ናት። እሺ፣ አልወጣም አልኳት።

ቤትሽ ሙሉ ይሁን። ለወገብሽ ጤና ይስጥልሽ፤ ለባለቤትሽ ትንፋሹን፣ ለልጆችሽ ልቦና ይስጥልሽ። ሳንገናኝ ዓመቱ አይዙር።

የምትወድሽ
ታላቅ እህትሽ