የጋሼ ድምፅና ጯሂው ኮምፒውተር

ረቡዕ

ወፍጮ ቤት። የተቀዳው እሱ ነው። ጋሼ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ማይክራፎኑን እንደ ጡጦ ይዞ ተናገረ፤ መልሰን ስናዳምጠው አንድ ትልቅ ወፍጮ ይፈጫል፣ ከወፍጮው ሥር ደግሞ እህል ውስጥ የተቀበረ ሰው የሚጣራ ይመስላል። «ጋሼ፣ ጤፍ ነው በቆሎ ያስፈጨኸው?» አልኩት። አልሳቀም።

ሌላ ጊዜ ይስቃል፣ ካልሳቀም ይሰድበኛል። ዛሬ ሁለቱንም ተወው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ሙሉጌታ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ናሎንጎ የምንላት የመንታ እናት ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። እዚህ ላለው ሐበሻ ሁሉ ማመልከቻ የሚተይበው እሱ ነው። ጉሮሮው ውስጥ ክፉ ነገር በቅሏል፤ ሰኞ ሆስፒታል ይቀደዳል። ሐኪሙ ያለውን የነገረኝ ማቶኬ የሚሉትን ጥሬ ሙዝ እየላጠ ነው። «ትድናለህ ብሎኛል። ድምፅህን ግን አብረን እናወጣዋለን ብሎኛል» አለ፣ ጥርስ እንደሚያስነቅል ሰው። እኔም «ታዲያ ከእንግዲህ ማን ሊሰድበኝ ነው?» አልኩት። «እየጻፍኩ እሰድብሃለሁ» አለኝ።

ልጁ ምሕረት ድሬዳዋ አያቷ ጋ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው። ጥሏት ሲወጣ ገና ቆማ አትሄድም ነበር። ፊቱን አታስታውሰውም፤ የምታውቀው በየሳምንቱ ስልክ ላይ ነው። ለእሷ አባት ማለት ድምፅ ነው። ከሰኞ በኋላስ? ለዚህ ነው መቅዳት የፈለገው፤ ተረት፣ ምክር፣ ስሟን ሲጠራ፣ ትልቅ ስትሆን የምትሰማውን ነገር። ሲዲ ላይ አድርገን እንልክላታለን። ቴፓችን ካሴት ይበላል። ኢንተርኔት ቤት እንሂድ ስለው ደግሞ «ሃያ ሰው ፊት ከልጄ ጋር አላወራም» አለ።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ዝም ማለት አለበት። የሚጮኹትን ቆጠርኩ፦

የፓወር ሰፕላዩ ፋን፣ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ሳጥን ማራገቢያ። ወፍጮው እሱ ነው።
የፕሮሰሰሩ ፋን። ንብ።
የኋላው ፋን። ጥርሱ የወለቀ፣ ቀቀቀ ይላል።
ሃርድ ዲስኩ። ባሰበ ቁጥር ይጮኻል።

«አምስተኛው አንተ ነህ» አለኝ ጋሼ። እሰይ፣ አንድ ስድብ ተገኘ።

መብራት አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ዛሬ አለ። እስከ ሰኞ የቀሩን የመብራት ቀናት ዓርብና እሁድ ናቸው። በቃ።

ሐሙስ

ጎኑን ፈትቼ ከፈትኩት። ያገኘሁት፦ አንድ ሲኒ የሚሞላ የካምፓላ ቀይ አፈር፣ የሞተ በረሮ ከነቤተሰቡ፣ ጋሼ ሰረቅክብኝ ያለኝ የሸሚዝ ቁልፍ፣ እና እንደ በግ አንጀት የተጠላለፈ ሽቦ። ንፋሱ በየት በኩል ይለፍ? ፋኖቹ የሚጮኹት ታፍነው ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ከትምህርቱ ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል። እጄን ኋላው ላይ ሳደርግ ንፋስ ስላጣሁ ነው የገባኝ።

በቀለም ብሩሽ ጠረግኩት። የፋኖቹን ወረቀት ገልጬ ሆዳቸው ውስጥ የስፌት ማሽን ዘይት ሁለት ሁለት ጠብታ አጠጣኋቸው። ንቡ አደብ የሚገዛ ይመስላል። ወፍጮው ግን አርጅቷል፤ በእጄ ሳዞረው ይወዛወዛል።

ከተማ ወረድኩ፣ ዮናስ ጋ። ዮናስ ናካሴሮ ገበያ አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን የአስመራ ልጅ ነው። ከሁለት ወር በፊት ከሥራ ያባረረኝም እሱ ነው። ጥፋቴ ምን ነበር? የደንበኞቹ ኮምፒውተሮች ሲከፈቱ እንደ ፍየል እንዲጮኹ አድርጌ ነበር። አንደኛው የፓስተር ነበር፣ ጸሎት ላይ የተከፈተ።

ዛሬ በሩ ላይ ቆሜ «ሜእ» አልኩ። መፍቻ ወረወረብኝ። የጋሼን ነገር ስነግረው መፍቻውን ራሱ አነሳና ተቀመጠ።

«ስማ» አለኝ፣ «የሚጮኸው እየሮጠ የሚዞር ትንሽ ፋን ነው። ትልቁ ቀስ ብሎ ቢዞርም ያንኑ ንፋስ ይሰጥሃል። አንተም ትንሽ ስለሆንክ ነው የምትጮኸው።»

ከተሰበረ ማሽን ላይ ሰሃን የሚያክል ፋን ያለው ፓወር ሰፕላይ ነቅሎ ሰጠኝ። የኋላው ፋን በግማሽ ኃይል ገደማ እንዲዞር የትኛውን ሽቦ ከየት ወደ የት እንደማዛውርም ወረቀት ላይ ሳለልኝ። ልወጣ ስል «ፍየሏን የጋሼ ማሽን ላይ እንዳትጭናት» አለኝ።

ዘግይቷል።

ዓርብ

ዛሬ መጻፍ አልፈልግም። ጋሼ ግን በየቀኑ ጻፍ፣ እጅህ ይፍታታ ብሎኛል።

መብራት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ገጣጠምኩት። ጩኸቱ ከወፍጮ ወደ ድመት ወረደ። እኔ ግን ድመትም አልበቃኝም። ጎበዝ ነኛ! ከኦዊኖ ገበያ ያመጣሁትን የፍራሽ ስፖንጅ ውስጡን በሙሉ ለበድኩበት። ከላይ ደግሞ ብርድ ልብስ ደረብኩ። ጸጥ አለ። «ኢንጂነር ቢኒያም» ብዬ ራሴን ጠራሁት። ናሎንጎን ከልብስ ማጠቢያዋ አስነስቼ «ጩኸቱ የታል? ፈልጊልኝ» አልኳት።

ጋሼ ተቀመጠ። የማር ውሃ ጠጥቶ ስለነበር ድምፁ ዛሬ ደህና ነበር። ልጅ ሆኖ ባቡሩን ተከትሎ ሲሮጥ ጫማው እንዴት ሐዲዱ ላይ እንደቀረ ነገራት። ሲሳሳት በራሱ ይስቃል። አንድ ጊዜ ዘፈነ። ጋሼ ሲዘፍን ሰምቼ አላውቅም። አልጋው ላይ አፌን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ፣ እንዳላበላሸው።

ሃያ ደቂቃ ገደማ እንደሆነ የላስቲክ ሽታ ሸተተኝ። ወዲያው ስክሪኑ ጠቆረ።

ብርድ ልብስ ያለበሱት ማሽን በሙቀት እንደሚታፈን ሕፃን ልጅ ያውቃል። መሃል ላይ ሴቭ አላደረግኩም። አንድ ጊዜ እንኳ። ባቡሩም የለም፣ ዘፈኑም የለም።

ጋሼ ማይክራፎኑን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ተቃጠለ?» አለ።

«ሲቀዘቅዝ ይሠራል።»

«እሺ።»

ይኸው ነው ያለው። አንተ ጅል የለ፣ አንተ ቆርቆሮ የለ። ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ስድብ ሲቀርብኝ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሠራ። የጋሼ ድምፅ ግን ለዛሬ አልቆ ነበር።

ቅዳሜ

መብራት የለም። ስፖንጁን ነቅዬ ጣልኩት። ሃርድ ዲስኩን ከብረቱ አላቅቄ ቦዳ ነጂዎች በሞተራቸው ዕቃ በሚያስሩበት ጎማ አንጠለጠልኩት፤ አንቀልባ ውስጥ እንዳለ ልጅ አየር ላይ ተቀምጧል፣ እንዳሻው ቢያስብ ብረቱን አያንቀጠቅጥም። ሽቦዎቹን በጫማ ክር ሰብስቤ ወደ ጥግ አስጠጋኋቸው። ንፋሱ አሁን ከፊት ገብቶ በኋላ ይወጣል። ውስጡ ከእኛ ክፍል ይሻላል፤ ትንሽ ብሆን እዚያ እገባ ነበር።

ግን ጠያቂ መጣ። ብርቱካን ይዞ፣ ጭማቂ ይዞ፣ ስኳር ይዞ። የገባው ሁሉ «እንዴት ጀመረህ?» ይላል። ጋሼም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሰው መጥቶለት እንዴት ዝም ይበል? አሥራ አንድ ጊዜ ነገራቸው፣ ቆጥሬያለሁ። አሥራ አንደኛው ላይ ከግማሹ በላይ ከንፈር ብቻ ነበር።

እትዬ አልጋነሽን በሩ ላይ ያዝኳቸው። ምግብ ቤት አላቸው፤ የሐበሻው ሠርግም ለቅሶም በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው። «እትዬ፣ ነገ ሰው ባይመጣ? ማረፍ አለበት።»

«ኧረ አንተ ልጅ! በነጋታው ቢላ የሚገባበትን ሰው ብቻውን ልንተወው? ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም እንመጣለን። ይልቅ ወንበር ተዋስ።»

የቀረጻውን ነገር ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሼ ግን ለማንም እንዳትናገር ብሎኛል። ያፍራል።

ነገ የመጨረሻው የመብራት ቀን ነው። ሃያ ሰው ተራ በተራ «እንዴት ጀመረህ» ካለው ለምሕረት የሚተርፍ ድምፅ የለም። አንድ ዘዴ መጥቶልኛል።

እሁድ

ጉንጬ አብጧል። በዚያኛው በኩል ተኝቼ ነው የምጽፈው።

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ከእትዬ አልጋነሽ ጀምሬ የአራት ሰው በር አንኳኳሁ። አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ ድምፄን አሳንሼ፣ «ጋሼን ማታ አመመውና ሆስፒታል ወሰዱት። ቤት የለም፣ እንዳትመጡ» አልኩ። ትወናዬ ግሩም ነበር፤ እንባ ሁሉ አመጣሁ። እትዬ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። አመኑኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ መንገድ ላይ እንቁላል በቻፓቲ ቂጣ የተጠቀለለበት ሮሌክስ ገዝቼ እየበላሁ ተመለስኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ዝግጁ ነበር። ማሽኑ በርቷል። ጋሼ ጆሮውን አስጠጋና «ከፍተኸዋል እንዴ?» አለኝ። ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አግኝቼ አላውቅም። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ግን አለ። «ምሕረትዬ» ብሎ ጀመረ።

ከመንገዱ ለቅሶ ተሰማ።

ሃያ ምናምን ሰው፣ ጥቁር በጥቁር። እትዬ አልጋነሽ ከፊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ «ወንድሜን! ለቢላው እንኳ ሳትደርስ!» ከኋላ በፒክአፕ የዕድር ወንበርና ድንኳን ይከተላል።

ጎህ ሲቀድ በር የሚያንኳኳ ሰው ምን ሊያረዳ እንደሚመጣ ረስቼው! «ሞተ» ብሎ የሚጀምር የለም። ትንሽ አመመው፣ ሆስፒታል ገባ ነው የሚባለው። የእናቴ ጊዜም ለእኔ እንዲህ ነው የተደረገው። ንጋት ላይ መጡ፣ ትንሽ አሟታል አሉኝ፣ ጫማዬን እነሱ አሰሩልኝ። ከሁሉም ሰው እኔ ነበርኩ ማወቅ የነበረብኝ።

ጋሼ ፎጣ አንገቱ ላይ እንደጣለ ብቅ አለና «ማነው የሞተብን?» አለ።

አንዲት ሴት ተዝለፍልፋ ወደቀች። ናሎንጎ ከኩሽናዋ ጮኸች። እትዬ አልጋነሽ ያዩት ጋሼን አይደለም፣ እኔን ነው። ሁለት ጊዜ በጥፊ አጮሉኝ። ከዚያ ጋሼን አቅፈው ከቅድሙ የባሰ አለቀሱ። ጋሼ ሳቀ። «ለእኔ ስንት ወንበር አመጣችሁ?» አለና ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም አለ። ፎጣው ላይ ደም አየሁ። ቀና ብሎ ሊናገር አፉን ሲከፍት የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ቀረጻውን፣ ምሕረትን፣ የዓርቡን ጥፋቴን፣ የመብራቱን ተራ። ጋሼ በእጁ ተው ይለኛል። አላቆምኩም።

እትዬ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ይህን እንደ ሰው ብትነግረኝ ምን ነበረበት፣ አንተ እርኩስ?» ወደ ሰዉ ዞሩ። «ወንበሩን መንገድ ዳር አውርዱ። ሁላችሁም ቁጭ በሉ። የሚያወራ ሰው አልይ፣ የሚያለቅስም።»

ጥቁር የለበሰ ሃያ ሰው መንገድ ዳር ተደርድሮ ተቀመጠ። ለቅሶ ቤት የመሰለው ቦዳ ነጂ ሁሉ ሞተሩን እያጠፋ፣ እየገፋ አለፈ። ናሎንጎ ዶሮዎቿን ጓሮ ዘጋችባቸው። ካባላጋላ እንዲህ ዝም ብላ አታውቅም።

ጋሼ እኔንም ውጣ አለኝ፣ በእጁ። መቅጃው እንዴት እንደሚቆም አሳይቼው ወጣሁ። አርባ ደቂቃ ቆየ። ሹክሹክታ ብቻ ነበር የቀረው፤ ወፍጮው ቢኖር አንዲት ቃል አትተርፍም ነበር። በሩ ላይ ተለጥፌ ቆሜ እኔ እንኳ ምንም አልሰማሁም።

ሲወጣ ሮጬ ገባሁ። ሦስት ቦታ ሴቭ አደረግኩት። ስክሪኑ ላይ የድምፁ መስመር ፀጉር ያክላል፣ አልፎ አልፎ ብቻ ትንሽ ቀና ይላል። ላዳምጠው ስል መብራት ያለ ተራው ጠፋ። እስካሁን አልመጣም።

ሰኞ

የሆስፒታል አግዳሚ ላይ ነኝ። ሁለት ሰዓት ላይ አስገቡት። ሊወስዱት ሲሉ ያበጠውን ጉንጬን ፈልጎ ቆነጠጠኝ። እትዬ አልጋነሽ ጎኔ ተቀምጠዋል፤ ዛሬ ነጭ ነው የለበሱት። ቀልድ ፈለግኩላቸው፣ አንድም አልመጣልኝም። እጄን ይዘው «ዝም በል፣ እኔም ዝም ብያለሁ» አሉኝ።

ስምንት ሰዓት። ሐኪሙ ወጣ። ክፉውን ነገር አውጥተነዋል፤ ውስጡ የቀረ ይኑር አይኑር የሚታወቀው በኋላ ነው አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት። አስገቡኝ። አንገቱ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ቀዳዳው ላይ ቱቦ። ሲተነፍስ ቱቦው ያፏጫል። ዓይኑን ገለጠና ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። እስክሪብቶ ፈልጎ መሰለኝ። ይህንኑ ደብተር ያዝኩለት። እዚህ ላይ፣ ከዚህ መስመር በታች ጻፈ፦

ይሰማል?

«ጥርት ብሎ» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ።

ቀረጻውን አልሰማሁትም። ቤት መብራት የለም፣ ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው።