ከግድቡ ሥር በብርጭቆ

ቂርያት ጋት፣ እስራኤል፣ ግንቦት 1985

ልጄ አግደው፣ የእስራኤል አምላክ አንተንም ሚስትህንም ልጆቹንም በጥላው ያኑርልኝ። እንዴት ከርማችኋል? እኛ ደኅና ነን፤ ጉልበታችን ብቻ ደከመ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት ኡልፓን ከሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት ገብቼ ዕብራይስጥ እማራለሁ፤ ከቀትር በኋላ ፋብሪካ እጠርጋለሁ፤ ማታ የተማርሁት ፊደል አንዱም አይታወሰኝም።

አባትህ ግን ያው ነው። እዚያ አገር ቤት ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ የአፈር ግድባችንን ይዞር እንደነበረ፣ እዚህም ሕንፃውን ይዞራል። ባለፈው በግድግዳው ሥር ውሃ ሲወርድ አይቶ፣ ሕንፃው ሊናድ መስሎት፣ የጎረቤት ልጆችን «አትግቡ!» ብሎ በር ላይ ከለከላቸው። ውሃውን በብርጭቆ ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሣው። የጠራ ነበር፤ ለካ ከጣሪያው ቧንቧ የሚንጠባጠብ ነው። ሰዉ ሳቀበት። ብርጭቆውን ይዞ ደረጃውን ወጣ፤ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

የጨነቀው ለእናንተ ነው። ከብቱ የሚጠጣው፣ ሽንኩርቱም የሚለማው በግድቡ ውሃ ነው፤ ቤትህ ግን ከግድቡ በታች ነው። ግድቡ ላይ ባሕር ዛፍ መትከልህን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ሥሩ አፈሩን ይከፍተዋልና ገና ለጋ ሳለ ንቀለው። የፍልፈሉንም ጉድጓድ ድፈን።

ክረምቱ መግባቱ ነው፤ እግዚአብሔር ከክፉ ውሃ ይጠብቅልኝ። ዓርብ ዓርብ ከግድቡ ሥር የሚወጣውን ውሃ በብርጭቆ ቅዳና እይልን። ከጠራ «ጠርቷል» ብለህ ጻፍልን፤ ሌላ አንፈልግም። ከደፈረሰ ግን ውሃው የግድቡን አፈር ከውስጥ እየወሰደው ነውና ለመጻፍ አትቀመጥ። ልጆቹን ይዘህ ወደ ጉብታው ውጣ፤ ደብዳቤው ይቆየናል።

እናትህ ጌጥነሽ