የአራርሳ ካኪ ገና አላለቀም

መቱ፤ ኅዳር ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ገብረ ሥላሴ
የትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ልብስ መራጭ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
መቱ

የተከበሩ ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በጤና፣ በሰላም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደረቅ ቦታ ተቀምጣችሁ እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። ዘንድሮ ዝናቡ መስከረም ከጠባም ወዲህ አልተወንምና፣ ደረቅ ልብስ ለብሶ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ምን ያህል የታደለ እንደሆነ እኛ ተማሪዎችዎ ከማንም ይበልጥ እናውቃለን። የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን በፖስታ አሽጌ ለጸሐፊዎ ሰጥቼ ነበር። መልስ ያልሰጡኝ የሥራ ብዛት ጊዜ ነሥቶዎት መሆኑን ስለተረዳሁ፣ ይህን ሁለተኛውን ሳላሽግ በገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። በዚህ በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው ሊያነቡት ይችላሉ፤ ካልተመቸዎትም ያነበቡት ሰዎች ይነግሩዎታል።

እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ቀጀላ በዳሳ ነኝ። በስሜ ባያስታውሱኝ፣ በነሐሴ ወር በንዳድ ለሞተው ለአራርሳ ታላቅ ወንድሙ ነኝ። አራርሳን መቼም ያስታውሱታል። ከልጅዎ ከሙሉብርሃን ጋር በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር፤ የግቢዎን የዘይቱን ዛፍ ቅርንጫፍ የሰበረውም እሱ ነው። ለቅሶ ሊደርሱን ሲመጡ ስለ ዛፉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ለዚህ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ፤ ይህ ምስጋናዬ ከዚህ በታች ከሚመጡት ምስጋናዎች ጋር እንዳይደባለቅብኝ አደራ።

ጉዳዬ አጭር ነው። ታናሽ ወንድማችን ማሙሽ የአራርሳን የደንብ ልብስ ለብሶ ትምህርት ቤት ቢመጣ፣ ጨርቁ አዲስ የተመረጠው ጨርቅ አይደለም ተብሎ ከበሩ ተመልሷል። እስከ ዛሬም ቤት ተቀምጧል። የምለምንዎ በዚያው ልብስ እንዲማር እንዲፈቅዱለት ነው። ይህን ብቻ ጽፌ ልፈርም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ገጽ እንኳ ያልሞላ አቤቱታ ለኮሚቴው ክብር የማይመጥን መስሎ ስለታየኝ፣ ምክንያቶቼን በቁጥር አስከትያለሁ።

፩፤ ስለ አሮጌው ጨርቅ። ኮሚቴው «አሮጌ» ብሎ የሰየመው ካኪ አምና ጎሬ የተገዛ ነው። አራርሳ ልብስ የማይበረክትለት ልጅ ነበር። ያዮ ያለው አጎታችን ቀፎ ሲሰቅል ካየ ወዲህ ዛፍ አይቶ ሳይወጣ አያልፍም፤ ከወጣም በኋላ እንደ ሰው አይወርድም፣ በመቀመጫው ተንሸራቶ ነው መሬት የሚደርሰው። ከዚህ ከተማ ሱቆች የተገዛለት ቁምጣ ሁሉ ከኋላው ወንፊት ሆኖ ቀረ። እናቴ ወይዘሮ በየነች በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ ጎሬ ድረስ ሄደች። ነጋዴው ጣቃውን ሲዘረጋላት ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳበችው፤ ክሩ መሳሳት አለመሳሳቱን ለማየት ወደ ብርሃን ከፍ አደረገችው፤ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነም ጥጉን በምራቋ አርሳ በነጭ ነጠላዋ ላይ አሸችው። ነጋዴው ትዕግሥቱ አልቆ፣ «እትዬ፣ ጨርቅ ነው የሚገዙት ወይስ በሬ?» አላት። እናቴም «በሬ ቢሆን ይህን ያህል አልለፋም ነበር፤ በሬ ዛፍ አይወጣም» አለችው። ቤት ስትገባ ጨርቁን አራርሳ ላይ ወርውራ፣ «እንግዲህ ከአንተ ዕድሜ የሚበልጥ ልብስ አግኝቼልሃለሁ» አለችው። ሁላችንም ሳቅን። አሁን ይህን ቃሏን ማንም ሳይጠይቃት፣ ለመጣው ሰው ሁሉ ትናገራለች። ያን ልብስ አራርሳ ዓመት ሙሉ በዛፍ፣ በድንጋይና በጭቃ ላይ ጎትቶት አንድ ቦታ እንኳ አልተቀደደም።

፪፤ ስለ ለቅሶው። አክስታችን ሽብሬ እንደ ልማዳችን የሟቹን ልብስ ይዛ ወደ አልቃሾቹ መካከል ገባች። አራርሳ ከዚያ የተሻለ ልብስ ስላልነበረው የያዘችው ይህንኑ የደንብ ልብስ ነው። ሸሚዙን በአንድ እጇ፣ ቁምጣውን በሌላው እጇ ከፍ አድርጋ «ያ ኢልመ ኮ፣ ልጄ» እያለች ስትዞር ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። እርስዎም አለቀሱ፤ አይቻለሁ። ሰው ተቀምጦ ጸጥ ካለ በኋላ ግን፣ ሽብሬ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አጥፋ ይዛ ሳለ ሊሰናበቷት ጎንበስ ብለው፣ የቁምጣውን ጫፍ በሁለት ጣትዎ ይዘው አሸት አሸት አደረጉና ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ ይህን ጨርቅ ከየት ነው ያገኛችሁት?» ብለው ጠየቋት። «ከጎሬ» አለችዎት። አክስቴ ይህን የነገረችኝ ተቆጥታ ነው። እኔ አልተቆጣሁም። ልጆች የሚያሳድግ ሰው ለቅሶ ቤትም ቢሆን ጥሩ ጨርቅ ሲያይ እጁን መሰብሰብ ያቅተዋል። እንዲያውም የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ ተጽናናሁ። እንዲህ ቸኩዬ በመጽናናቴ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

፫፤ ስለ አዲሱ ጨርቅ። መስከረም ላይ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ በማስታወቂያው እንደ ተጻፈው «ለዓይን የሚማርክና ለትምህርት ቤቱ ክብር የሚስማማ» ጨርቅ መረጠ። ጨርቁ የሚገኘው በአንድ ሱቅ ብቻ በመሆኑ ወላጆቻችንን ከሱቅ ሱቅ ከመንከራተት ገላግለዋቸዋል። የሱቁ ባለቤት የእርስዎ አበልጅ መሆኑን እያነሡ የሚያሙ ሰዎች አሉ፤ እኔ አበልጅ መኖር ነውር ነው ብዬ አላምንም። ጨርቁ በእውነት ያብለጨልጫል። በመስኮት አንጻር ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ ከጀርባው የቆመው ዛፍ ከነቅጠሉ ይታያል። ከሶር ወንዝ ማዶ የሚመጡት ልጆች ጧት ረስርሰው ክፍል ሲገቡ ይህ ጨርቅ ሥጋቸው ላይ ተለጥፎ እስከ እኩለ ቀን ይንቀጠቀጣሉ፤ መምህራችን ግን ለትምህርት ካላቸው ጉጉት የተነሣ ነው ብለው አስበው ይሆናል፣ አይናገሩም።

የዘውድ በዓል ዕለት ለሰልፍ ስንወጣ ደግሞ ዝናብ መጣ። በጥቅምት ወር መቱ ላይ ይዘንባል ብሎ ኮሚቴው እንዴት ሊገምት ይችላል? ገና ገበያው ጋ ሳንደርስ የጨርቁ ቀለም ወደ እግራችን ይወርድ ጀመር፤ በክብር እንግዶቹ ፊት ስናልፍ ከጉልበታችን እስከ ቁርጭምጭሚታችን ቢጫ ሆነን ነበር። ከኋላዬ የተሰለፈው ቀነዓ «ጉድ ፈላ፣ ትምህርት ቤቱን በሙሉ የወፍ በሽታ ያዘው» ሲል ሰልፉ በሳቅ ተበላሸ። ኋላ ጨርቁ ሲደርቅ አጠረ። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ ወንበር ላይ የምቀመጠው እንደ ሙሽራ ተጠንቅቄ ነው። ይህ አዲስ ልብስ ለእኔ የተገዛልኝ ዘንድሮ የሚኒስትሪ ፈተና ስላለብኝ ነው። ለማሙሽ የሚገዛበት አልተረፈም፤ ደግሞስ ጥሩ ልብስ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ሳለ ለምን ይገዛል?

፬፤ ስለ በሩ። ለቅሶ የተወጣበትን ልብስ ለልጅ ማልበስ ጎረቤቶቻችንን ደስ አላሰኛቸውም። «ለነዳያን ስጪው» አሏት እናቴን። እሷም «ነዳዩ እዚሁ ቤቴ ውስጥ ነው» ብላ የቁምጣውን ወገብ ማጥበብ ጀመረች። ማሙሽ የአራርሳን ልብስ መልበስ ፈርቶ ነበር። ሲለብሰው ግን ኪሱ ውስጥ እጁን ከቶ፣ አራርሳ ይራመድ እንደነበረው ትከሻውን እያወዛወዘ ከቤት ወጣ፤ እናቴ ከክረምት ወዲህ ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ጧት ነው። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። በሩ ላይ «የማን ልብስ ነው?» ተብሎ ተጠይቆ «የአራርሳ» ብሎ መለሰ። ዘበኛው ምን ያድርግ፣ ታዞ ነው፤ «አራርሳ ራሱ ቢመጣም በዚህ ልብስ አይገባም» አለው። ማሙሽ ከዚያ ወዲህ ልብሱን አላወለቀም ማለት ይቻላል። ከልክለነው ነው እንጂ ሊተኛበትም ይፈልጋል።

በማግሥቱ ቢሮዎ መጥቼ ስለምንዎ በአባትነት አነጋገሩኝ። «ስለ ወንድምህ በጣም አዝኛለሁ። ነገር ግን ዛሬ አንዱን ባሳልፍ ነገ ሁሉም የሞተ ወንድሙን ልብስ እየለበሰ ይመጣል» አሉኝ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ ሳስብበት ግን ስጋትዎ መሠረት ያለው ሆኖ አገኘሁት። በዚህ ክረምት ንዳዱ እኛ ቤት ብቻ አልገባም፤ በቡሬ መንገድ በኩል ያሉትን ቤቶች ቢጠይቁ የሚሰቀል ትንሽ ልብስ ያላቸው ብዙ ናቸው። ኮሚቴው ይህን ሁሉ አስቀድሞ በማሰቡ ሊመሰገን ይገባዋል።

፭፤ ይህ ቅሬታ አይደለም። በዘውድ በዓል ሰልፍ ላይ ከልጆቹ ሁሉ እግሩን ቀለም ያልነካው ሙሉብርሃን ብቻ ነበር። ቀረብ ብዬ ልብሱን አየሁት። የጎሬው ካኪ ነው፤ ምናልባትም ከዚያው ጣቃ የተቆረጠ ሳይሆን አይቀርም። ከአዲሱ ጨርቅ ጠቆር እንደሚል ማንም ያስተውላል፤ በሩ ላይ ግን «የማን ነው?» ያለው የለም። ሙሉብርሃንን አልከስም። አራርሳ በሞተ ጊዜ ከአዋቂዎቹ ሁሉ አብልጦ ያለቀሰው እሱ ነው፤ ዛሬም የአራርሳን ቦታ ማንም እንዳይቀመጥበት ደብተሩን ያኖርበታል። ጥሩ ልብስ በመልበሱ ደስ ይለኛል። ኮሚቴው ጥሩ ጨርቅ መምረጥ አያውቅም ለሚሉ ሰዎችም ተሳስታችኋል እላቸዋለሁ። ያውቃል፤ አንድ ጊዜ መርጧል።

የተከበሩ ሆይ፣ ከዚህ የሚቀጥል ሌላ ቁጥር ነበረኝ፤ ደክሞኝ ትቼዋለሁ። ሐዘን ሰውን እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። እንጨት የፈለጥኩ ያህል ደክሞኝ እነሣለሁ፣ እንደዚያው ደክሞኝ እተኛለሁ። ስለዚህ የቀረውን ባጭሩ ልናገር።

የፊታችን ሰኞ ጧት ማሙሽን ይዤ በሩ ላይ እገኛለሁ። እሱ የአራርሳን ልብስ፣ እኔ የኮሚቴውን ልብስ ለብሰን። እሱ ከገባ እገባለሁ። እሱ ከተመለሰ አብሬው እመለሳለሁ፤ ፈተናውም ይቀራል። ይህን ለማስፈራሪያ አልጻፍኩትም፣ የአንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መቅረት ማንንም እንደማያስፈራ አውቃለሁ። አባቴ ግን ይቆጣል። እኔ ተምሬ ጸሐፊ እንድሆንለት ስንት ዓመት ቡና ሲሸከም ኖሯል፤ ይህንንም የሚሰማው እንደ እርስዎ ከዚህ ሰሌዳ ነው። ቢሆንም ማሙሽ ከዚያ በር ብቻውን ሲመለስ ለማየት አቅም የለኝም። በዚህ ክረምት አንዱን ብቻውን ልኬዋለሁ።

እግዚአብሔር የእርስዎንና የኮሚቴዎን ዕድሜ ከጎሬው ካኪ ያላነሰ እንዲያደርገው፣ ሥራዎንም ከአዲሱ ጨርቅ በበለጠ እንዲያጠነክርልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣ ቢኖረኝ አንሥቼ፣ ስለሌለኝ ግን ራሴን ዝቅ አድርጌ እሰናበትዎታለሁ።

እስከ ሰኞ ድረስ ታዛዥ ተማሪዎ
ቀጀላ በዳሳ

ግልባጭ፦
ለአበልጅዎ፣ ለሱቁ ባለቤት። (ቀለም እንዳይለቅበት በወረቀት ተጽፎ የተላከ።)

ማስታወሻ፦ እናቴ ይህን ደብዳቤ መጻፌን አልወደደችውም። ነገር ግን ከተጻፈ አይቀር አንድ መልእክት ለሙሉብርሃን እናት እንዳደርስላት ጠይቃኛለች። ለሙሉብርሃን በዚያው ካኪ ሌላ ቁምጣ ሲያሰፉለት፣ ልብስ ሰፊው የቁምጣውን እግር ጫፍ ወደ ውስጥ ሁለት ጊዜ አጥፎ እንዲሰፋው ይዘዙት። ጨርቁ ስለማያልቅ ልጁ ያድግበታል፤ ሲያድግ አንዱን እጥፋት እየፈቱ ማስረዘም ነው። የአራርሳን አንዱን በፋሲካ ሰሞን ፈትተንለት ነበር። ሁለተኛው እንደ ታጠፈ ነው።