አየር ላይ የሚከፈት ፖስታ

ውድ ወለላ፣

እንደምን አለሽ? አንቺ ማለቴን አትቀየሚኝ፤ በየእሁዱ ከሰዓት በሬዲዮ ቤቴ እየገባሽ እርስዎ ማለቱ አልመጣልኝ አለ። የፊልም ፕሮግራምሽ አድማጭ ከሆንኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንድም እሁድ አላመለጠኝም። ከሁሉም የምወደው የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት ነው። ከአድማጭ የመጣ አንድ ፖስታ ታነሺና ማይክሮፎኑ ሥር ቀደድ አድርገሽ ከላይ እስከ ታች ታነቢዋለሽ። «ቀድሜ አላየውም፣ አላርመውም፤ ለእኔም ለእናንተም እኩል አዲስ ነው» ትያለሽ። የጀመርሽውን ደብዳቤ አንድ ቀን እንኳ አቋርጠሽ እንደማታውቂ ባለፈው ሳምንት በኩራት ተናግረሻል። ብዕር ያነሳሁት ይህን ስሰማ ነው።

እኔ ተራ ተመልካች ነኝ። ትምህርት ቤት ደጃፉን አልረገጥኩም። ሥራዬ ልብስ መተኮስ ነው። እናም ስለ ፊልም ያለኝን አስተያየት፣ እንደምትጠይቂን፣ ሳላሽሞነሙን እጽፍልሻለሁ።

የጦርነት ፊልም ብዙም አያስለቅሰኝም። ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ሳምንት የከረመ ወታደር ኮሌታው እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጓደኛው እቅፉ ውስጥ ሲሞት አዳራሹ ሁሉ ይንሰቀሰቃል፤ እኔ ግን «ለዚህ ኮሌታ ስታርች ያደረገችው ሴትዮ የት ተደብቃ ነው?» እላለሁ።

የፍቅር ፊልም እወዳለሁ፤ አልደብቅም። ልጁ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቃት አምነዋለሁ። ሮጣ መጥታ ታቅፈዋለች። ወዲያው ቤት ሲገቡ ግን ሱሪው ላይ ያለው መስመር ቢላ ነው! እንዲህ ያለ ጨርቅ ካለ አድራሻውን ላኪልኝ፤ ወገቤ ይረፍ።

አስፈሪ ፊልም ላይ ነጭ አንሶላ ለብሶ የሚመጣ መንፈስ አያስደነግጠኝም። በቀን ሁለት መቶ አንሶላ የምታጥፍ ሴት «ና እስቲ ጥግህን ያዝልኝ» ነው የምትለው። እኔን የሚያስፈራኝ ሳቂታው ሰው ነው፤ እንግዳውን «ግባ፣ ቤትህ ነው» ብሎ በሩን ከኋላ ቀስ አድርጎ የሚቆልፈው።

የወንጀል ፊልም ደግሞ ደሜን ያፈላዋል። መርማሪው የሟቹን ኮት ያነሳል፣ ያሸታል፣ መስኮት ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። ኪሱን አይፈትሽም! ከተማውን ሙሉ ሲያተራምስ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ደብዳቤው ከኮቱ የውስጥ ኪስ ይወጣል። እኛ ሥራ ቤት ኪስ ሳይፈትሽ ልብስ ማሽን ውስጥ የከተተ ሰው ሁለተኛ ቀን አያድርም።

የቤተሰብ ፊልም ላይ ስደርስ እጄ ይከብደኛል። ከአምስት ወር በፊት፣ በባሏ ቀብር ላይ ፈገግ ስላለችው ሴት ፊልም ያወራሽበትን እሁድ ታስታውሻለሽ? ፊልሙ ጥሩ ነበር። ሴትዮዋ አንድም ቃል ሳትናገር ሁሉንም ነገር በፊቷ ትናገራለች። አንቺ ግን ፊልሙ አልበቃሽም፤ ማጣፈጫ አስፈለገሽ። «የማውቃት አንዲት ልብስ ተኳሽ አለች» አልሽ።

አሁን ድምፅሽ ቀዝቀዝ ብሏል። አዎ፣ እኔ ነኝ። ያቺው ዲዳዬ የምትዪኝ። አታቁሚ፤ አንብቢ።

እጅ ጽሑፌን ልታውቂው አትችዪም፤ አንቺ የምታውቂኝ ፎርም ላይ አውራ ጣቴን ስጫን ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ፊደል ለየሁ። ሸሚዝ ከምንጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ፣ ከእንግዶች ኪስ ወጥቶ ከሚጣል ብጣሽ ወረቀት። መጀመሪያ የጨረስኩት ዓረፍተ ነገር «ቁልፉን ከዘበኛው ውሰድ» የሚል ነበር፤ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ስጨርስ እንደ ሕፃን ካውያዬን ጥዬ አጨበጨብኩ።

አድማጮችሽም ነገሩ እንዲገባቸው ይህን በራስሽ አፍ ንገሪያቸው። ወለላ ወለላ ከመባሏ በፊት ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ከእኔ ጎን ሰባት ዓመት ልብስ ተኩሳለች። መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ በእንፋሎቱ የተነሳ የሰው ፊት የሚታየው ሲጠጋ ነው። ያኔ በየዕረፍት ቀናችን የከሰዓቱን ፊልም አብረን እናያለን፤ የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ አንገታችንን ሰብረን። እናያለን ስል፣ እኔ አያለሁ። ወለላ መብራቱ በጠፋ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ታንኮራፋለች። አንድ ቀን ከኋላ ያለ ሰውዬ «እባክሽ ያቺን ሴት ቀስቅሻት፣ ተኩሱ አልሰማ አለኝ» ብሎኛል።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዴን ትይዢና ትጀምሪያለሽ።

«ምን ሆነ? ሞተ?»

«አልሞተም። ወንድሙ ነው የሞተው።»

«ውይ! ልጅቷስ?»

«ባቡሩ ላይ አልወጣችም።»

«እሰይ፣ ደግ አደረገች! በይ ንገሪኝ፣ ንገሪኝ። ነገ ለሴቶቹ የማወራው እኔ ነኝ፤ አንቺማ አፍሽን ማን ይክፈተው!»

እውነቱ እውነት ነው፤ ከእኔ አሳምረሽ ታወሪያለሽ። እኔ በሦስት ቃል የነገርኩሽን አንቺ ሙሉ ቀን ታዘልቂዋለሽ፤ ክፍሉ ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። የሬዲዮ ጣቢያው ኃላፊ ኮቱን ሊወስድ ወርዶ በር ላይ ቆሞ ሲሰማሽ፣ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ በወሩ ከካውያ ወደ ማይክሮፎን ስትሻገሪ አልቀናሁም። «ሰውየውን ተዉት፣ ኮሌታውን እዩት» የምትዪውን፣ ሰው ሁሉ የሚደግምልሽን፣ እኔ ነኝ ካውያ ላይ ጎንበስ ብዬ ያልኩት። ያቺን ቃል መጀመሪያ በሬዲዮ ስሰማት እንዲያውም ደስ አለኝ። ቃሌ ከምድር ቤት ወጣች አልኩ።

ውድ አድማጮች፣ ወለላ የፊልም መጨረሻ ነግራችሁ ታውቃለች? አታውቅም። «እንዳላበላሽባችሁ» ትላለች። ደግነት ይመስላችኋል። ከእኔ ከተለየች ወዲህ ደረጃው ላይ የሚነግራት አጥታ ነው።

ይህን ሁሉ ይቅር ብዬሽ ነበር፤ እስከዚያ እሁድ ድረስ። ያልሽውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «ዲዳዬ ነበር የምላት። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የሞተ ቀን ደስ ብሏት፣ ለጥ ብላ እንደተኛች በአፏ ነግራኛለች! እንዲህም ያለች ሚስት አለች፣ ጎበዝ!» ከዚያ ሳቅሽ። ያ ቴክኒሻንሽም ከመስታወቱ ጀርባ ሲስቅ ተሰምቷል።

ልጄ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች። ሬዲዮው እዚያም ተከፍቷል። የደንበኛ ፀጉር እያጠበች ነበር፤ ደንበኛዋ ጭንቅላቷን ገንዳው ላይ እንዳስደገፈች በሳቅ ተንፈራፈረች። ልጄ ውሃውን ሳትዘጋ ወጥታ መጣች። እጇ ላይ ሳሙናው አልደረቀም።

«እማዬ፣ እውነት ነው?»

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። እንደ ልማዴ አልወጣ አለ።

«አባዬ የሞተ ቀን ደስ ብሎሽ ተኛሽ? አልተኛሁም በይኝ። ይኸው፣ አልተኛሁም በዪ ብቻ።»

የእጇን ሳሙና በቀሚሴ ጫፍ ልጠርግላት እጄን ዘረጋሁ።

«ዝም አልሽ አይደል? በቃ።»

ቦርሳዋን ይዛ አክስቷ ዘንድ፣ የአባቷ እህት ቤት ገባች። አምስት ወር ሆነ። በፀጉር ቤቱ በር ሳልፍ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ መስታወቱ ትዞራለች። መስታወቱ ውስጥ ግን እንተያያለን፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

አሁን ማቋረጥ አምሮሻል፤ አውቃለሁ። ጽሑፉ አይነበብም እንዳትዪ፤ አራት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፣ ፊደሎቹ ጡጫ ያህላሉ። ጊዜ አለቀብን እንዳትዪ፤ በየሳምንቱ ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ፣ ይበቃሻል። ዘፈን ካስገባሽ ደግሞ አድማጭሽ ሁሉ የት ላይ እንደፈራሽ ያውቃል። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ በፀጉር ቤቱ ባለቤት እጅ ነው፤ አንቺ ካቆምሽበት እሷ ትቀጥላለች። ቢሆንም ከእሷ ይልቅ አንቺ እንድታነቢው ነው የምፈልገው። ልጄን የወሰደብኝ ይህ አፍ ነው፤ ይህ አፍ ራሱ ይመልሳት።

ወለላ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ፊልም ቤት ነቅተሽ ያዳመጥሽኝ አንድ ቀን ነው፤ እሱንም አጣመምሽው። እኔ «ደስ አለኝ» አላልኩሽም። «ተኛሁ» ነው ያልኩሽ።

አንቺን ከማወቄ በፊት ነው፤ ባሌ ጭነት ሲያስር ከመኪናው ላይ ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። አሥራ አራት ወር አልጋ ላይ ነበር። ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣል፤ አንሶላውን በአንድ በኩል ስቤ፣ በጉልበቴ ደግፌ፣ ብቻዬን። ቀን ሥራ ስሄድ ጎረቤቴ ትገለብጠዋለች፤ ሌላውን እኔ። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳልነቃ የተኛሁበት ቀን የለም።

ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። አክስቷ ዘንድ ያስቀመጥናት፣ አባትሽ ሩቅ አገር ጭነት ሄዷል ያልናት፣ እሱ ስለለመነኝ ነው። «እንዲህ ሆኜ አትየኝ። መሪ ይዤ እየሳቅኩ የምታውቀኝ ይበቃታል» አለኝ። እንዳትነግሪያት ማዪልኝ አለኝ፤ ማልኩለት። አክስቷ ይህን ሁሉ ታውቃለች። አምስት ወር ሙሉ ልጄ ትራሷ ላይ ስታለቅስ እየሰማች ለምን አፏን እንደዘጋች እሷን ጠይቋት። እሷም አሁን ሬዲዮው አጠገብ ናት።

የሞተው ጠዋት ነው። ሰው ተሰበሰበ። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ ተነስቼ ልገለብጠው ስል የምገለብጠው ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝ። ከዚያ የሆነውን አላውቅም። በማግስቱ ነው የነቃሁት። ለቅሶ ላይ ተኛች ተባልኩ። ተኝቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጨረሻው ወር ሕመሙ ሲበረታበት «ጌታዬ ውሰደው» ብዬ ጸልያለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም። ይህንንም ጮክ ብለሽ አንብቢው። ለአንቺ ስላልነገርኩሽ ልታጣምሚው አልቻልሽም፤ ስለዚህ ቀጥ ያለውን ስሙት።

ቀጥሎ ያለውን ያለ ዜማ አንብቢ። ድምፅሽን አታለስልሺ፣ አትንቀጥቀጪ፤ ቃሉ የአንቺ አይደለም።

ልጄ፣ የምትሰሚው ድምፅ የሌላ ሰው ነው፣ ቃሉ ግን የእናትሽ ነው። ያን ቀን ዝም ያልኩሽ የተባለው ልክ ስለሆነ አይደለም። እውነቱ ረጅም ስለሆነ ነው፤ እኔ ደግሞ ረጅም ነገር መናገር አልችልም። መጻፍ ግን ችያለሁ። ለአባትሽ የማልኩለትን አፍርሻለሁ፤ ከእሱ ጋር ስገናኝ ነገሩን እኔው እጨርሰዋለሁ። አንቺ ብትቀየሚኝም እኔ ባደረግኩት ነገር ተቀየሚኝ እንጂ ይህች ሴት ባወራችው አይሁን።

በቃ ወለላ፣ ልጨርስልሽ ነው። ይህን አንብበሽ ስታበቂ ማልቀስ ያምርሻል። ስታለቅሺ ያምርብሻል፤ አድማጭም ይወድልሻል፤ ደዋዩ ይበዛል። አታልቅሺ። ይቅርታ ልትጠይቂኝም አትድከሚ፤ ይቅርታ እንዲመጣልኝ ብዬ አይደለም የጻፍኩት፣ ቢመጣም የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም። የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ ሰው እየሰማሽ፣ በገዛ አፍሽ፣ አንድም ቃል ሳትቀይሪ የእኔን ነገር እንድትናገሪ። አሁን ተናገርሽ።

ለሳምንቱ ምርጥ ደብዳቤ ሁለት የሲኒማ ትኬት ትሰጫለሽ አይደል? ከዚህ የተሻለ ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ካገኘሽ ለእሱ ስጪ። ካላገኘሽ ሽልማቴን እፈልጋለሁ፤ አልተውልሽም። ትኬቶቹን ወደ ምድር ቤት አትላኪ። ለልጄ፣ ፀጉር ቤቱ ድረስ ይሂዱላት። አንዱ የእሷ ነው። ሁለተኛውን ለማን እንደምትሰጥ እሷ ታውቃለች፤ ለጓደኛዋም ይሁን፣ ለአክስቷም ይሁን፣ ቅር አይለኝም። ለእኔ ከሆነ ከሥራ የምወጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ፊልሙን እሷ ትምረጥ።

አክባሪሽ ብዬ አልፈርምም። አድማጭሽ ነኝ።

እየሰማሁሽ ነው።